ያውቁ ኖሯል? ከቤት ወጥቶ ሰፈር የሚዞረው የዋይፋይ ፓስወርድ

ያውቁ ኖሯል? የቤትዎን ዋይፋይ ሳያስፈቅድ የሚጠቀም ሰው ብዙውን ጊዜ የሰበረው ነገር የለም። ፓስወርዱ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ነው እጁ የገባው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አንድሮይድ 10 ጀምሮ ስልክ የተገናኘበትን ዋይፋይ በኪውአር ኮድ ማካፈል ይችላል፤ በብዙ ስልኮች ላይ ደግሞ ከኮዱ ሥር ፓስወርዱ ራሱ በግልጽ ተጽፎ ይነበባል። የእህትዎ ልጅ ለበዓል ከእንጅባራ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ መጥቶ ሁለት ቀን ቢያድር ፓስወርዱን ይሰጡታል፤ መስጠትም ያለ ነው። እሱ ለአብሮ አደጉ ያሳያል፣ አብሮ አደጉ ለወንድሙ። እንግዳው ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ፓስወርዱ ግን ሰፈሩ ውስጥ ይቀራል።

ስልክ ሲሸጡ ወይም ለጥገና ሲሰጡስ? ስልኩ ከዚህ በፊት የተገናኘባቸውን ዋይፋዮች ፓስወርድ ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው። ሲሸጡ በውስጡ ያለውን ሁሉ ሙሉ በሙሉ ያጥፉት። ስልክ ከጠፋብዎ ደግሞ ሲሙን ባዘጉበት ቀን የዋይፋይዎንም ፓስወርድ ይቀይሩ፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያደርግና ሁለተኛውን ይረሳዋል።

እንደ ዋይፋይ ማፕና ዋይፋይ ማስተር ኪ ያሉ መተግበሪያዎች ሥራቸው ተጠቃሚዎች ያካፈሉትን የዋይፋይ ፓስወርድ ለሌሎች ተጠቃሚዎች ማዳረስ ነው። አንድ እንግዳዎ በዚህ መንገድ የእርስዎን ካካፈለ፣ ግምጃ ቤትን ረግጦ የማያውቅ ሰው በደጅዎ ሲያልፍ ስልኩ ሊገናኝ ይችላል።

ግምጃ ቤት፣ የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ፣ እንደ ሌሎቹ የአዊ ከተሞች ብዙው ቤቷ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ይህ ለዋይፋይ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ቆርቆሮ ሞገዱን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ደረቅ የጭቃ ግድግዳ ግን ትንሽ እያዳከመም ቢሆን ያሳልፈዋል፤ የእንጨት መስኮት ደግሞ ከግድግዳውም በላይ። የቀርከሃም ሆነ የባሕር ዛፍ አጥር ለውጥ አያመጣም። ሞደሙን ወደ መንገድ በሚያየው መስኮት ላይ ያስቀመጠ ቤተሰብ ብዙውን ጉልበት ለመንገዱ እየሰጠ ነው፤ ልጆች ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተደርድረው ስልካቸው ላይ አጎንብሰው ካዩ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ሞደሙ ቤቱ መሀል፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ለቤተሰቡ ይጠነክራል፣ ለመንገዱ ይደክማል።

በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ዋይፋይ ከ2.4 ጊጋኸርዙ ይልቅ ግድግዳ ሲያልፍ ቶሎ ይዳከማል። ሞደምዎ ሁለቱንም ካለው፣ የቤቱም ስልኮች ከተቀበሉት፣ 5 ጊጋኸርዙን ብቻ መተው ሞገዱን ግቢ ውስጥ ለማስቀረት ይረዳል። ርካሽ ስልኮች ብዙ ጊዜ ስለማይቀበሉት አስቀድመው ይሞክሩት።

ማን እንደገባ ማየት ይቻላል? ይቻላል፣ ያውም አምስት ሳንቲም ሳያወጡ። ሞደሙን ይገልብጡት። ከሥሩ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማጉላት ይቀላል። እዚያ ላይ እንደ 192.168.1.1 ያለ አድራሻ፣ ወደ ሞደሙ መግቢያ የሚሆን ስምና ፓስወርድ፣ ከዚያም የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ ሰፍሯል። አድራሻውን ስልክዎ ላይ ድረ ገጽ በሚከፍቱበት ቦታ ሲጽፉት የሞደሙ ገጽ ይመጣል። የተገናኙ መሣሪያዎች የሚለውን ክፍል ሲነኩ ዝርዝሩ ይወርዳል፦ ቴክኖ፣ ሳምሰንግ፣ ሬድሚ፣ አይቴል፣ አንዳንዱም ስም የሌለው። በየጎናቸው 12 ምልክት ያለው መለያ አለ፤ ማክ አድራሻ ይባላል። በወረቀት ላይ የቤቱን ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ይጻፉ። ከዚያ አንድ በአንድ ዋይፋያቸውን እያጠፉ ገጹን እንደገና ይክፈቱ። ሁሉም ጠፍቶ የሚቀር ስም ካለ እሱ የቤትዎ አይደለም፤ ገጹን የከፈቱበትን ስልክ ግን መቁጠር እንዳይረሱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የማክ አድራሻ የመጀመሪያዎቹ 6 ምልክቶች የአምራቹ መለያ ናቸው፤ ድሮ በእነሱ ብቻ ስልኩ የማን ሥሪት እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ከአንድሮይድ 10ና እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው አይኦኤስ 14 ወዲህ ግን ስልኮች እውነተኛውን አድራሻ ደብቀው በዘፈቀደ የተፈጠረ ይሰጣሉ። ስለዚህ አንድ የቤት ስልክ በሁለት የተለያዩ መለያዎች ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛው ምልክት 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ አድራሻው በዘፈቀደ የተፈጠረ ሳይሆን አይቀርም። ጎረቤት ከመጠርጠርዎ በፊት የራስዎን ልጅ ስልክ ይመልከቱ።

ሁሉም ስልክ ጠፍቶ የሞደሙ የዋይፋይ መብራት ብልጭ ድርግም ቢል ሌባ ገባ ማለት አይደለም። ሞደሙ ማንም ባይገናኝ እንኳ ስሙን በሴኮንድ አሥር ጊዜ ያህል እየጠራ ነው።

ዋይፋይ በተንቀራፈፈ ቁጥር ጎረቤት አይታማ። ቴሌግራም ከየቡድኑ ቪዲዮውን በራሱ ያወርዳል፤ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒዩተር ሳያማክርዎ ራሱን ያድሳል። አንድ ሰው ፊልም በመደበኛ ጥራት ሲያይ በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል፣ በከፍተኛ ጥራት 3 ጊጋባይት ያህል ይበላል። መለያው ቀላል ነው፦ ማታ ፓስወርዱን ቀይረው አንድ ስልክ ብቻ ያገናኙና ፍጥነቱን ይለኩ። ያኔም ከተንቀራፈፈ ችግሩ ከመስመሩ ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ ለ994 ይደውሉ። ከተፈታ ግን መስመሩን የያዘው ከተቋረጡት መሣሪያዎች አንዱ፣ የቤቱ ወይም የሌላ ሰው፣ ነበር ማለት ነው።

ጉዳቱ እንደ መስመሩ ይለያያል። ያልተገደበ መደበኛ ብሮድባንድ ያለው ሰው የሚሰረቀው ፍጥነት ነው። ሲም በሚገባበት ሚፋይ፣ በጊጋባይት ፓኬጅ የሚጠቀም ግን የሚሰረቀው የከፈለበት ብር ነው፤ የወሩ ፓኬጅ በሳምንት ካለቀ መጀመሪያ የሚታየው የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር መሆን አለበት።

አሁን ወደ ፓስወርዱ። በአገራችን እንደ ስልክ ቁጥር የተወደደ የዋይፋይ ፓስወርድ ያለ አይመስለኝም። ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? በ09 የሚጀምር ቁጥር ቀሪው 8 አኃዝ ብቻ ነው፤ ይህም 100 ሚሊዮን አማራጭ ይሆናል። ብዙ መሰለ? ለጨዋታ የተሠራ አንድ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ በሴኮንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፓስወርድ ይሞክራል። 300 ሺህ ብንል ሁሉንም ጨርሶ ለመሞከር 6 ደቂቃ አይሞላም። በ07 የሚጀምሩትን ሲጨምር ሌላ 6 ደቂቃ። የልደት ቀን ደግሞ ከዚህም ይብሳል፦ የመቶ ዓመት ቀኖች ሁሉ ተደምረው 36,500 ገደማ ናቸው፤ ከአንድ ሴኮንድ በታች ያልቃሉ። በዘፈቀደ የተደረደሩ 12 ትንንሽ የላቲን ፊደላት ግን በዚያው ፍጥነት ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃሉ።

ይህን ግምት የሚያደርገው ሰው ደጅዎ ላይ ቆሞ መሞከር አይጠበቅበትም። ስልክዎና ሞደምዎ ሲገናኙ አራት አጫጭር መልእክት ይለዋወጣሉ፤ በአቅራቢያው ያለ ሰው ያንን ልውውጥ ከያዘ ቤቱ ሄዶ ተረጋግቶ መገመት ይችላል። እንደኛ መብራት ሄዶ በሚመጣበት አካባቢ ይህ ልውውጥ በየቀኑ አለ፤ መብራት ሲመለስ ሞደሙ ተነሥቶ የቤቱ ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገናኛል። ማቆም አይቻልም፤ ፓስወርዱ ረጅም ከሆነ ግን የያዘው ሰው ምንም አያተርፍበትም።

ፓስወርዱ ከ8 እስከ 63 ምልክት መያዝ ይችላል፤ በፊደላችን ግን አይጻፍም። እዚህ ላይ አማርኛም አገውኛም የሚናገር ቤተሰብ ትልቅ ሀብት አለው። ፓስወርድ ሰባሪዎች የሚጠቀሙባቸው ዝግጁ ዝርዝሮች በአብዛኛው ከውጭ ድረ ገጾች የሾለኩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለ ድርጅት ከሾለኩት 32 ሚሊዮን ፓስወርዶች ቀዳሚው ተራ 123456 ነበር። አያትዎ ብቻ የሚሏት አንዲት የአገውኛ አባባል፣ በላቲን ፊደል እርስዎ እንደመሰለዎት ተጽፋ፣ መሀሏ ላይ ቁጥር ገብቶባት፣ እንዲህ ባለ ዝርዝር ውስጥ አትገኝም። የከተማዋን ስም ወይም የልጅዎን ስም ብቻ ግን አይጠቀሙ፤ ያንን ጎረቤት ሁሉ ይገምተዋል።

የዋይፋዩን ስም በፊደላችን መጻፍ ይቻላል። እስከ 32 ባይት ይፈቀዳል፣ አንድ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ እስከ 10 ፊደል ይይዛል። ስሙን ፋብሪካው እንደሰጠው መተው አይመከርም፤ የፓስወርዱ ስሌት ከዋይፋዩ ስም ጋር ተቀላቅሎ ስለሚሠራ፣ በዓለም ላይ ለሚደጋገሙ ስሞች አስቀድሞ ተሰልቶ የተቀመጠ ሰንጠረዥ አለ። የአባወራውን ስምና የቤት ቁጥርም አይጻፉበት።

ኢትዮጵያ ኢንተርኔት የጀመረችውና የዋይፋይ የመጀመሪያው ደረጃ የወጣው በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ያኔ አብሮ የወጣው መጠበቂያ ዌፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ስኮት ፍሉረር፣ ኢትሲክ ማንቲንና አዲ ሻሚር ጉድለቱን አሳዩ፤ ዛሬ በደቂቃዎች ይሰበራል። ቲጄኤክስ የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት መደብሮቹን በዌፕ እየጠበቀ ቆይቶ ከ45 ሚሊዮን በላይ የባንክ ካርድ ቁጥሮች ተወሰዱበት፤ ነገሩ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በዌፕ ምትክ ደብሊውፒኤ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ደብሊውፒኤ 2 በ2004፣ ደብሊውፒኤ 3 በ2018 መጡ። ሞደምዎ ላይ ዌፕ ወይም ክፍት የሚል ተመርጦ ካገኙ ዛሬውኑ ወደ ደብሊውፒኤ 2 ወይም 3 ይለውጡት።

ፓስወርድ ሳይጽፉ በአዝራር የሚያገናኘው ደብሊውፒኤስስ? ከእሱ ጋር ባለ 8 አኃዝ ፒን አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ስቴፋን ፊቦክ የተባለ ተመራማሪ ሞደሙ ፒኑን ለሁለት ከፍሎ እንደሚያጣራ፣ የመጨረሻው አኃዝም ከሌሎቹ እንደሚሰላ አሳየ። ስለዚህ ሰባሪው የሚሞክረው 100 ሚሊዮን ሳይሆን 11 ሺህ ብቻ ነው። የሰዓታት ሥራ ነው። ፓስወርድዎ 30 ፊደል ቢሆንም ይህ መንገድ በጎኑ ያልፋል። ይዝጉት።

የዋይፋዩን ስም መደበቅ ብዙ ሰው የሚተማመንበት ዘዴ ነው፤ እኔ አልመክረውም። ስሙ ሲደበቅ ስልክዎ በሄደበት ሁሉ ያንን ስም እየጠራ ይፈልጋል፤ ዳንግላ ገበያ ላይ ሆነው እንኳ። የተፈቀዱ ማክ አድራሻዎችን ብቻ ማስገባትም እንዲሁ ነው፦ የልጆችን ጨዋታ ያስቆማል፣ የሚያውቅን ሰው ግን አያስቆምም፤ የተፈቀደውን አድራሻ ከአየር ላይ አንብቦ የራሱ ያደርገዋል።

ወደ ሞደሙ መግቢያው ፓስወርድ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ነው። ብዙ ቤት ይህኛው ተነክቶ አያውቅም፤ አድሚን፣ አድሚን እንደሆነ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ 60 ያህል እንዲህ ያሉ የፋብሪካ ፓስወርዶችን ብቻ እየሞከረ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ሞደሞችን ማረከ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ለሰዓታት ለማወክ በቃ። ብራዚል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሞደሞች ላይ በነበረ ጉድለት ከ4 ሚሊዮን በላይ የቤት ሞደሞች አቅጣጫቸው ተለውጦ ባለቤቶቹ ወደ ሐሰተኛ የባንክ ገጾች ይላኩ ነበር። ሞደሙ ውስጥ የገባ ሰው ኢንተርኔት መጠቀም ብቻ ሳይሆን የእርስዎን መንገድ ጭምር መቀየር ይችላል። በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያ ገንዘብ በሚያንቀሳቅስ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመግቢያውን ፓስወርድ ይቀይሩ፤ ከውጭ ሆኖ ሞደሙን ማስተዳደር የሚያስችለው ክፍልም ክፍት ከሆነ ይዝጉት።

በሞደሙ ጀርባ እስክሪብቶ ጫፍ ብቻ የሚገባባት ቀዳዳ አለች። አሥር ሴኮንድ ያህል ተጭነው ከያዟት ሞደሙ የቀየሩትን ሁሉ ረስቶ ወደ ፋብሪካው ፓስወርድ ይመለሳል፤ ያ ፓስወርድ ደግሞ ከሥሩ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሞደሙ እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ከሆነ አንድ ፎቶ ይበቃል። ሱቅ ወይም ቡና ቤት ያላቸው ሰዎች በተለይ ያስቡበት፤ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይስቀሉት።

ስልክዎ በድንገት ከዋይፋዩ ተቋርጦ በዚያው ስም ሌላ፣ ቁልፍ የሌለው ዋይፋይ ቢመጣና ድረ ገጽ ከፍቶ ፓስወርድዎን ያስገቡ ቢልዎ አያስገቡ። ያንን ገጽ የሠራው ሌላ ሰው ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሆን ብሎ፣ ያለ ፈቃድ የኮምፒዩተር ሥርዓት ወይም ኔትወርክ ውስጥ የገባን ሰው ከሦስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። በሌላውም ዓለም ተቀጥቶበታል፦ እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን ውስጥ አንድ ሰው የማያውቀውን ሰው ዋይፋይ በመጠቀሙ 500 ፓውንድ ተቀጣ።

ጣጣው ለባለቤቱም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ቡፋሎ በተባለችው የአሜሪካ ከተማ የፌዴራል ፖሊሶች ንጋት ላይ በር ሰብረው አንድ ቤት ገቡ፤ የሕፃናት ወሲባዊ ምስል ከዚያ ቤት መስመር ወርዷል ብለው። ሰውየው ምንም አላደረገም። ዋይፋዩ ፓስወርድ አልነበረውም፤ ያወረደው ጎረቤቱ ነበር። ንጹሕነቱ እስኪጣራ ቀናት አለፉ። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ዋይፋዩን ሳይዘጋ የተወ ባለቤት ሌላ ሰው በሠራው ጥፋት እስከ 100 ዩሮ ሊጠየቅ እንደሚችል ወስኖ ነበር። ከመስመርዎ የወጣ ማንኛውም ነገር መጀመሪያ የሚያደርሰው በእርስዎ ስም ወደተመዘገበው ውል ነው።

ይህን ሁሉ ሲያነቡ ዋይፋይን ከጎረቤት መከልከል የተባለ እንዳይመስልዎ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ መደበኛ መስመር ላለው ቤት ፓስወርድ መስጠት ዘመድን ከዘመድ ማገናኘት ማለት ነበር። ያንን ያደረገ ሰው መልካም አደረገ። የምለው፣ ሲሰጡ አውቀው ይስጡ ነው። ባለፉት አሥር ዓመታት ከተሠሩት ሞደሞች ብዙዎቹ የእንግዳ ኔትወርክ የሚባል አላቸው፤ የራሱ ስም፣ የራሱ ፓስወርድ። እዚያ የገባ ሰው ኢንተርኔት ያገኛል፤ በአብዛኛው የቤቱን ኮምፒዩተር፣ ፕሪንተርና ካሜራ ግን አያይም። በአንዳንዱ ላይ ፍጥነቱን መወሰን፣ ማታ በተወሰነ ሰዓት መዝጋትም ይቻላል። ፓስወርዱን በየወሩ ሲቀይሩት የቤተሰቡ ስልክ አይነካም፤ ለጎረቤትም "ተቀይሯል፣ አዲሱ ይኸውልህ" ማለት ያለ ቅያሜ ይቻላል።

ዛሬ ማታ ግማሽ ሰዓት ያውጡለት። ሞደሙን ገልብጠው ገጹን ይክፈቱ፣ ዝርዝሩን ይቁጠሩ፣ የመግቢያውንና የዋይፋዩን ፓስወርድ ይቀይሩ፣ ደብሊውፒኤስን ይዝጉ፣ የእንግዳ ኔትወርክ ካለ ይክፈቱ። አዲሱን ፓስወርድ ወረቀት ላይ ጽፈው ከቤቱ ሰነዶች ጋር ያስቀምጡት እንጂ ግድግዳ ላይ አይለጥፉት። እናትዎ ወይም አያትዎ ለብቻቸው የሚኖሩ ከሆነ የእነሱንም ሞደም ሄደው ያስተካክሉላቸው፤ ማንም ሌላ አያስተካክልላቸውም።